ጤዛ የነካው መስታወት

«ፋኗ ናት» አለች ሩት።

መምህር ቃልቤሳ ክቡን መስታወት በሁለት እጃቸው ጠርዙን ይዘው ወደ ቤተ ሙከራው መስኮት ዘንበል አደረጉት። የሰኞ ጠዋት ፀሐይ ስታርፍበት ሁሉም አዩት። ብርማው ገጽ ላይ፣ ከመሐሉ ተነስተው ወደ ጠርዙ የሚሄዱ ቀጫጭን ጭረቶች ነበሩ።

«ውይ!» አለ የአብስራ። ሌላ ጊዜ ቀልድ የማይጠፋበት ልጅ ዛሬ ከዚህ በላይ ምንም አልጨመረም።

እድላዊት ከጠረጴዛው ማዶ ቆማ ጆሮዋ ሲግል ተሰማት። ፋኗን ቴሌስኮፑ ላይ የገጠመችው እሷ ናት። «ከዚህ በኋላ ጤዛ የለም» እያለች ክበቡን ሁሉ ያሳመነችውም እሷው ናት።

መስታወቱ ለትምህርት ቤቱ የሥነ ፈለክ ክበብ ከሁሉም በላይ ውድ ዕቃ ነበር። የቀረው የቴሌስኮፑ አካል በእጅ የተሠራ ነው። አቃቂ በሰቃ ከሚገኝ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ትርፍራፊ እንጨት ለምነው፣ ለክተውና ቆርጠው ያቆሙት የክበቡ ልጆች ናቸው። መስታወቱን ግን መምህር ቃልቤሳ ዩኒቨርሲቲ ከሚያስተምር ጓደኛቸው ተቀብለው፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ሚኒባስ ውስጥ ጭናቸው ላይ አድርገው ነበር ያመጡት።

«የሚያብለጨልጨው ቅቡ ያለው ከላይ ነው» ብለዋቸው ነበር ያን ቀን። «እንደ ቤታችን መስታወት ከኋላ አይደለም። ስለዚህ በጣት አይነካም፣ በጨርቅ አይጠረግም። ምንም ነገር ቢያርፍበት እኔ እስካየው ድረስ እንዳለ ይቀመጣል።»

መጀመሪያ ሜዳው ላይ ያወጡት ቀን ሳተርንን ከነቀለበቷ አይተዋት ነበር። እሱም ለትንሽ ጊዜ ነው። የክረምቱ ዝናብ ካቆመ ወዲህ ሰማዩ ጥርት ያለ ቢሆንም፣ ትምህርት ቤቱ ለወንዙ ቅርብ ስለሆነ ፀሐይ ስትጠልቅ ሜዳው ወዲያው ይረጥባል። ቴሌስኮፑ ቱቦ የለውም፤ መስታወቱ ከአራት እንጨቶች ሥር ፊቱን ለሰማይ ሰጥቶ ነው የሚተኛው። ብዙም ሳይቆይ ነጭ ጤዛ ለበሰና ሳተርን ወተት ውስጥ እንደገባች ጠፋች። ማንም አልጠረገውም። እስኪደርቅ ድረስ ከላዩ ጋርደው ወደ ክፍል አስገቡት፤ ምሽቱም በዚያው አለቀ።

እድላዊት ነገር ሲበላሽባት ማልቀስ አይመጣላትም፤ መፍታት ነው የሚመጣላት። እናቷ ወርቅነሽ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናት። ማለዳ ማለዳ የተሳፋሪው ትንፋሽ የፊት መስታወቱን ሲያጨልምባት፣ እናቷ የአየር መንፊያውን ስትከፍተው መስታወቱ ከታች ወደ ላይ እየጠራ ሲሄድ እድላዊት ብዙ ጊዜ አይታለች። ስለዚህ ከተጣሉት የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች ውስጥ አንድ ፋን ፈትታ አወጣች። አንደኛው ክንፏ ጫፉ ላይ የተሸረፈ ስለሆነ ስትዞር ትክ ትክ ትላለች። ንዝረቷ ወደ መስታወቱ እንዳይደርስ ከመኪና ጎማ ካላማዳሪያ በተቆረጠ ላስቲክ አንጠልጥላ ከመስታወቱ ጎን አሰረቻት፤ የሞተር ሳይክል ባትሪ አገናኘችላት። ባለፈው ሐሙስ ምሽት ሲሞክሩት መስታወቱ ጠርቶ ቆየ። እድላዊት ግን መጨረሻውን አላየችም። እናቷ ወደ ኮዬ ፈጬ በምታደርገው የመጨረሻ ጉዞ መሳፈር ስለነበረባት ቀድማ ሄደች።

«ሐሙስ ማታ እስከ መጨረሻው የነበረው ማነው?» አሉ መምህር ቃልቤሳ።

«እኔ ነኝ ቲቸር» አለች ሩት። የክበቡ ሊቀመንበር ናት፤ የቤተ ሙከራው ቁልፍ በክር ታስሮ ከአንገቷ አይጠፋም። «የአብስራ ወንበር ሲመልስ እኔ መስታወቱ ጋ ነበርኩ። ፋኗ እስከ መጨረሻው ስትሠራ ነበር። የሜዳውን አቧራ እያነሳች ስትረጭበት ነው የሚሆነው። እኔ ሸፍኜ ነው ያስገባሁት።»

እድላዊት ጓደኛዋን አየቻት። ከአምስተኛ ክፍል ጀምረው አብረው ናቸው። ሩት ግን የምታየው መስኮቱን ነበር።

መምህር ቃልቤሳ መስታወቱን ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጡት። ቅዳሜ ምሽት ወላጆችና የአካባቢው ሰዎች ሳተርንን ሊያዩ ተጠርተዋል፤ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ማስታወቂያው ከተለጠፈ ሰንብቷል። «ቅዳሜ ያለ ፋን እንወጣለን» አሉና ፋኗን ከነላስቲኳና ከነባትሪዋ ለእድላዊት ሰጧት። «አትከፊ። መሞከርሽ ጥሩ ነው። ግን ሌላ ጭረት ልጨምርበት አልፈልግም።»

እድላዊት ፋኗን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት። በምሳ ሰዓት ግን ተመልሳ መጣችና መስታወቱን አንድ ጊዜ እንዲያሳዩአት ለመነቻቸው። ከፍተው አሳዩአት። ጭረቶቹን በዓይኗ ተከተለቻቸው። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የታጠፉ፣ ጎን ለጎን የሚሄዱ ነበሩ። ክንዷን በአየር ላይ አንድ ጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ አንቀሳቀሰችው። እጇ የሄደበት መንገድ ከጭረቱ ጋር አንድ ዓይነት ነበር።

«ምን አየሽ?» አሉ መምህር ቃልቤሳ።

«እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም ቲቸር» አለች።

ያን ቀን ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ ሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ የክበቡን የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተች። ሩት ሐሙስ ማታ የለቀቀችው ቪዲዮ አለ። ብዙ ልብና ጭብጨባ ተደርጎለታል። ሩት ስልኳን ወደ ራሷ አዙራ እየሳቀች ታወራለች፤ ከኋላዋ የቴሌስኮፑ እንጨቶች ይታያሉ። እድላዊት የጆሮ ማዳመጫዋን ሰክታ በድጋሚ ከፈተችው። ውሻ ይጮኻል። ከመንገዱ በኩል የከባድ መኪና ድምፅ ይመጣል። የሩት ሳቅ አለ። ትክ ትክ የሚል ነገር ግን የለም።

ሦስተኛ ጊዜ ስታየው ዓይኗን ጨፍና ነበር። አሁንም የለም። ፋኗ ያን ሰዓት አትዞርም ነበር።

ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ሊከፋት ሲገባ መጀመሪያ የተሰማት እፎይታ ነው። ፋኗ ምንም አላጠፋችም። ከዚያ በኋላ ነው ሌላው ነገር ቀስ ብሎ የገባት፤ ሩት ዋሽታለች፤ የዋሸችውም በእሷ ላይ ነው።

ማክሰኞ አመሻሽ ላይ እድላዊት የእናቷን የፊት መመልከቻ መስታወት ይዛ ከሦስተኛ ፎቅ ወረደች። ሌላ ተመሳሳይ መስታወት ከጎረቤታቸው ከሐናን ተዋሰች። ሁለቱን ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ያለው ሣር ላይ ጎን ለጎን በጀርባቸው አስተኛቻቸው። አንዱ አጠገብ ፋኗን አቁማ ከባትሪ ጋር አገናኘቻት። ሌላውን ብቻውን ተወችው። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ የሒሳብ የቤት ሥራዋን ጀመረች።

እናቷ ከሥራ የገባችው ከመሸ በኋላ ነው። የሥራ ጃኬቷን ሳታወልቅ ቆማ አየቻት።

«እድል፣ መስታወቴን ምን ሣር ላይ አስተኛሽው?»

«ሙከራ ነው እማ።»

«ጎረቤት እኮ ድግምት እየሠራን ይመስለዋል!» አለችና ጎንበስ ብላ ሁለቱንም በስልኳ መብራት አየቻቸው። ብቻውን የነበረው ነጭ ሆኗል። ፋኗ የምትነፋበት ላይ ግን የራሷ ፊት ቁልጭ ብሎ ይታያል። «እንዴ! ይሄኛውስ?»

«ፊቱን ለሰማይ የሰጠ መስታወት ከአየሩ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። እርጥበቱ ደግሞ የቀዘቀዘ ነገር ሲያገኝ ያርፍበታል። ፋኗ አየሩን ስለምታመላልስበት እንደዚያ መቀዝቀዝ አይችልም።» እድላዊት ሁለቱንም ፎቶ አነሳች። «እንደ አውቶቡስሽ መስታወት በይው።»

«እና ለምን እንዲህ ፊትሽን አኮሳተርሽው? ሠርቶልሻል እኮ።»

እድላዊት ሁሉንም ነገረቻት። ጭረቱን፣ ቪዲዮውን፣ ሩት መስኮት መስኮቱን ማየቷን። ወርቅነሽ ደረጃው ላይ አጠገቧ ተቀምጣ እስክትጨርስ ሰማቻት።

«ምን ልታደርጊ አሰብሽ?»

«መጀመሪያ እሷን ላግኛት» አለች እድላዊት።

የሩት እናት እትዬ አደሴ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አካባቢ ትንሽ ኪዮስክ አላቸው። እስረኛ ሊጠይቁ ለሚመጡ ሰዎች ሻይ፣ ዳቦና የታሸገ ውሃ ይሸጣሉ፤ ሩትም ከትምህርት ቤት በኋላ ታግዛቸዋለች። ረቡዕ ዕለት እድላዊት ስትደርስ እትዬ አደሴ ገና ከሩቅ ነው ያዩዋት።

«ነይ የኔ ልጅ! እናትሽ ደኅና ናት? ሻይ ልቅዳልሽ?»

«ደኅና ናት እትዬ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሩትን ለአንድ አፍታ ፈልጌያት ነው።»

ከኪዮስኩ ጀርባ፣ የለስላሳ ሳጥኖች ከተደረደሩበት አጠገብ ቆሙ። ሩት እጇን በሽርጧ እየጠረገች ፈገግ ለማለት ሞከረች።

«ቪዲዮሽን አየሁት» አለች እድላዊት።

«አሪፍ አይደል? ነፍ ሰው ወዶታል።»

«ፋኗ አትሰማም።»

«ምን ማለት ነው አትሰማም?»

«ክንፏ የተሸረፈ ስለሆነ ትክ ትክ ትላለች። ቪዲዮው ላይ ውሻ ይሰማል፣ መኪና ይሰማል፣ አንቺ ትሰሚያለሽ። እሷ ግን የለችም።»

ሩት ሽርጧን ለቀቀችው። «እና እኔ ነኝ የቧጨርኩት እያልሽኝ ነው?»

«ጭረቱ የታጠፈ ነው ሩት። እጅ የሄደበት ነው።»

«ሩት! ለጋሼ ሁለት ውሃ!» ብለው እትዬ አደሴ ከፊት ተጣሩ። ሩት ሮጣ ሄደች። እድላዊት የሳጥኖቹን ክዳን እያየች ጠበቀች። አትመለስም ብላ ስታስብ ሩት ተመለሰች፤ ፊቷ ግን ሌላ ነበር።

«ስልኬ ሊዘጋብኝ ነበር» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ቻርጀሩን ባትሪው ላይ ለመሰካት ፋኗን ነቀልኳት። ለትንሽ ጊዜ ብዬ ነበር። ከዚያ ቪዲዮውን ስቀርጽ ረሳኋት። ዞር ስል መስታወቱ ነጭ ሆኗል። ቲቸር በር ላይ ከዘበኛው ጋር እያወሩ ነበር፤ አሁን መጥተው ያዩታል ብዬ ደነገጥኩ። በሹራቤ እጅጌ አንድ ጊዜ ብቻ ነው እንዲህ ያደረግኩት። አንድ ጊዜ ብቻ።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«እኔ? የአብስራ በጣቱ ሊነካው ሲል በሰው ፊት የጮህኩበት እኔ ነኝ እኮ። ‹አትንኩ› የሚለውን ወረቀት የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ሼም ነው እድል! ሰኞ ቲቸር ሲከፍቱት አፌ ላይ የመጣው ፋኗ ናት። ፋን ደግሞ ምንም አይሰማትም።»

«እኔ ይሰማኛል።»

ሩት አቀረቀረች። መንገዱ ላይ ጠያቂዎች ፌስታላቸውን አንጠልጥለው ያልፋሉ። «ቅዳሜ እስኪያልፍ ዝም በይልኝ» አለች። «ሰኞ ራሴ እነግራቸዋለሁ። እማዬ ትሙት።»

«ያለ ፋን ቅዳሜ የሚባል የለም። ሰው ተሰልፎ ሳያልቅ መስታወቱ ነጭ ይሆናል። ያኔ ምን ልንላቸው ነው?» እድላዊት ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። ይህን ዓረፍተ ነገር ሚኒባስ ውስጥ ብዙ ጊዜ ለራሷ ብላዋለች። «ነገ ፋኗ እንድትመለስ ቲቸርን እጠይቃቸዋለሁ። ስምሽን አልጠራም። ግን የቧጨረችው ፋኗ ናት ወይ ካሉኝ፣ አይደለችም ነው የምለው።»

«ያው ነገርሻቸው ማለት ነው!»

«አይደለም። እኔ የማደርገው አለመዋሸት ነው። መንገሩ ያንቺ ነው።»

ሩት ወደ ኪዮስኩ ገባች። እትዬ አደሴ ሻይ ይዘው ሲወጡ እድላዊት አመስግና ቆማ ጠጣችው። ትኩስ ነበር፤ አፏን ሲያቃጥላት ግን አላስተዋለችም።

ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ክበቡ ቤተ ሙከራ ተሰበሰበ። እድላዊት የሁለቱን መስታወቶች ፎቶ ለመምህር ቃልቤሳ አሳየቻቸው፤ ያየችውንም አስረዳች። እሳቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ጎበዝ። ይሄንንማ አልተጠራጠርኩም» አሉ። «እኔ የፈራሁት አቧራውን ነው።»

«ያለፈው ሐሙስ ሣሩ እርጥብ ነበር ቲቸር። ሁላችንም ጫማችን በስብሶ ነው የገባነው። ደግሞስ አቧራ ቢረጭበት ነጥብ ነጥብ ይሆን ነበር እንጂ እንዲህ ጎን ለጎን ታጥፎ አይሄድም ነበር። ፋኗ አልቧጨረችውም።»

መምህሩ ሳጥኑን ከፈቱና መስታወቱን ለረጅም ጊዜ አዩት። ሩት ጥግ ላይ የሙከራ ብርጭቆዎችን መደርደሪያው ላይ ትደረድራለች፤ ያንኑ አንድ ብርጭቆ እያነሳች ትመልሰዋለች።

«ታዲያ ከምን መጣ?»

እድላዊት ትንፋሿን ሳበች። «አውቃለሁ ቲቸር። ግን የምነግርዎት እኔ አይደለሁም።»

የአብስራ ወንበሩ ላይ ዞር አለ። መምህር ቃልቤሳ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ሁሉንም አንድ በአንድ አዩአቸው። ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍ አላለም።

«እሺ። ፋኗ ትመለሳለች፤ ይህ ተፈትቷል። መስታወቱ ግን ማን ምን እንዳደረገው ሳላውቅ ከዚህ ክፍል አይወጣም። ሰው ሊያይ ቢመጣም አይወጣም። የተጫረ መስታወት ይዤ መሥራት እችላለሁ፤ ምን እንደሆነ የማይነገረኝን ግን እንዴት አድርጌ ልጠብቀው?»

ከክፍል ሲወጡ የአብስራ ኮሪደሩ ላይ ደረሰባት። «አቦ እድል፣ ካወቅሽ ተናገሪና ገላግይን! ወይስ አንቺው ነሽ?»

«እኔ ብሆን ኖሮ ሰኞ ጠዋት ነበር የምናገረው» አለች እድላዊት። ሩት ከኋላቸው በሩን እየቆለፈች ነበር። ቁልፉ በአንድ ጊዜ አልዞረላትም።

ዓርብ ሩት ቦታ ቀይራ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። በእረፍት ሰዓትም ሌሎች ልጆች ጋር ነበረች። እድላዊት ብቻዋን ዳቦዋን እየበላች፣ ይህ ሁሉ ከሚሆን ዝም ብል አይሻልም ነበር ብላ አሰበች። ማስታወቂያው እንደተለጠፈ ነው። እናቷ ለቅዳሜ ምሽት ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ፈረቃ ተቀያይራለች። ከሰዓት በኋላ ለመምህር ቃልቤሳ «ሩት ናት» ብላ ጻፈች፤ አየችው፤ ሳትልከው አጠፋችው። ከዚያ ለሩት ጻፈች። «ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፋኗን ይዤ ቤተ ሙከራው በር ላይ እሆናለሁ።» መልስ አልመጣም።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ እድላዊት በሩ ላይ ነበረች፤ በአንድ እጇ ፋኗን፣ በሌላው ባትሪውን ይዛለች። ሜዳው ላይ የአብስራና ሌሎቹ የቴሌስኮፑን እንጨት አቁመው ወንበር ይደረድራሉ። መሐሉ ባዶ የሆነው እንጨት ከሩቅ ሲያዩት ያልተከደነ የጉድጓድ አፍ ይመስላል። ወላጆች ከወዲሁ መምጣት ጀምረዋል፤ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው የፊቱን ወንበር ይዘዋል። ሰማዩ ላይ አንድም ደመና የለም።

ሩት ከመጸዳጃ ቤቱ በኩል ብቅ አለች። ፊቷን ታጥባ ኖሮ ፀጉሯ ዳር ዳሩ ርሷል።

«ነግረሻቸዋል?» አለች።

«አልነገርኩም።»

«ውስጥ ናቸው?»

«አዎ።»

ሩት የአንገቷን ክር ያዝ አድርጋ ትንሽ ቆመች። ከዚያ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። በሩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም፤ እድላዊት ግን የሚባለውን ላለመስማት ከበረንዳው ወርዳ ከዛፉ ሥር ሄዳ ቆመች። ከዚያ ሆና በመስኮቱ የምታየው የመምህሩን ጀርባና የሩትን የሚንቀሳቀሱ እጆች ብቻ ነው። ሩት ክንዷን አንድ ጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ አንቀሳቀሰችው። ከዚያ ፊቷን ሸፈነች። መምህሩ ጎንበስ ብለው የሆነ ነገር አሏት።

ፀሐይዋ ከፋብሪካዎቹ ጣሪያ ጀርባ ስትገባ መምህር ቃልቤሳ መስታወቱን በሁለት እጃቸው አቅፈው ወጡ።

«ፋንሽን አምጪ» አሉ ለእድላዊት።

ሩት ተከትላቸው ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል። የቁልፉ ክር ከአንገቷ ላይ የለም።

መስታወቱ ቦታው ላይ ተቀመጠ፤ እድላዊት ላስቲኮቹን ወጥራ አሰረች፤ ሽቦውን አገናኘች። ትክ ትክ። የአብስራ ድምፅ ማጉያውን ተቀብሎ ሰውን እንኳን ደኅና መጣችሁ ሲል ሊቀመንበሯ የት ሄደች ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሩት ግን ወደ ቤቷ አልሄደችም። ሳይነግሯት ሄዳ ሰልፉን ማስያዝ ጀመረች፤ ሕፃናቱን ከፊት፣ ሽማግሌዎቹን ወንበር ላይ።

መጀመሪያ ያዩት ባለ ጋቢው ሽማግሌ ነበሩ። ዓይናቸውን ሌንሱ ላይ አድርገው ቆዩ፤ ከዚያ ራሳቸውን ወደ ሰማይ ቀና አድርገው በባዶ ዓይናቸው ፈለጓት፤ እንደገና ተመለሱ።

«ይቺ ናት? ይቺ ከኛ ጣሪያ በላይ የምትወጣዋ?»

«አዎ አባባ፣ ሳተርን ናት። ቀለበቷ ታየዎት?» አለች እድላዊት።

«ታየኝ እንጂ! በጎንና በጎኗ ስንጥር ተሰክቶባታል። ስንት ዓመት ከላዬ ስትመላለስ አንድ ቀን እንኳ አላወቅኩባትም።» ሰው ሳቀ። እሳቸው ግን ከሰልፉ መጨረሻ ሄደው እንደገና ተሰለፉ።

ምሽቱ እየበረደ ሄደ። የፕላስቲክ ወንበሮቹ ላብ ያወጡ ይመስል ረጠቡ። የልጆቹ ጫማ በሣሩ ውስጥ ፈጨ ፈጨ ይላል። እድላዊት በየመሐሉ ጎንበስ እያለች መስታወቱን ከጎን ታየዋለች። እንደተቀመጠ ነው፤ ጥቁር ሰማይና ጥቂት ከዋክብት ይዞ ጥርት እንዳለ። እናቷ ተራዋ ደርሶ ስታይ ጮክ ብላ «እልልል!» አለችና እድላዊትን በሰው ፊት አሳፈረቻት። እድላዊት ግን ሳቋን መያዝ አልቻለችም።

«ቲቸር» አለ የአብስራ ሰልፉ ሲሳሳ፣ «ጭረቱ አይታይም እኮ!»

«አይታይም» አሉ መምህር ቃልቤሳ። «ጭረት የሚወስደው ብርሃን ኢምንት ነው። የቀረው መስታወት ሁሉ ሥራውን ይሠራል።» ይህን ሲናገሩ ሩት በቅርብ ርቀት ቆማ የአንዲት ሕፃን እጅ ይዛ ነበር። ሰምታለች። እድላዊትም ሩት መስማቷን አየች፤ ለዚህ ነበር እንዴ ያ ሁሉ ስትል ንዴቷ ትንሽ ተመለሰባት። ሩት ሕፃኗን ወደ ሌንሱ አቅፋ አነሳቻት። ሁለቱ ጓደኛሞች ያን ምሽት ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያዩ። «አመሰግናለሁ» አለች ሩት በከንፈሯ ብቻ። እድላዊት ራሷን ነቀነቀች፤ ፈገግ ግን አላለችም።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ መስታወቱን ወደ ሳጥኑ መለሱት። መምህር ቃልቤሳ የስልካቸውን መብራት አብርተው አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጤዛ የለበትም። እድፍና የጨርቅ ክር ግን አለበት። ያለፈው ሳምንት ሐሙስ ሲነካ የቀረ ነው» አሉ። «እንዳይጎዳ ሰኞ መታጠብ አለበት። በንጹሕ ውሃ፣ ምንም ሳይነካው። ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ይዞ ያዘነብላል፣ አንዱ ያፈስሳል። ሁለቱ ካልተማመኑ ይወድቃል። እድላዊት አንዷ አንቺ ነሽ። ሌላ ማን ይሁን?»

የአብስራ እጁን እስከ ጣሪያ አወጣ። «እኔ! ቲቸር፣ እኔ!»

እድላዊት በተከፈተው በር ወደ ሜዳው አየች። ሩት ብቻዋን ወንበሮቹን ትደራርባለች፤ ስለ መታጠቡ የተባለውን አልሰማችም። እድላዊት ውስጧ ያለው ነገር ሙሉ በሙሉ አልበረደም። ሰኞም ምናልባት አይበርድ ይሆናል። ብዙ የሚባባሉት ነገርም ቀርቷቸዋል።

«ሩት ትሁን» አለች።

የአብስራ እጁን አወረደ። መምህር ቃልቤሳ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አዩአት። «እርግጠኛ ነሽ?»

እድላዊት የሳጥኑን ክዳን ቀስ ብላ ዘጋችው።

«ሰኞ ስንት ሰዓት እንምጣ ቲቸር?» አለች።